ዋጋውን ደብቃችሁ ጥቅሙን ብቻ አትንገሩን

በዚህ ወር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ አንድ ጉዳይ ላይ ያርፋሉ። የአየር ንብረት ፖሊሲን ለሰው እንዴት ነው የሚያስረዱት? ሰውስ እንዴት ነው ተቀብሎ የራሱ የሚያደርገው? የመጀመሪያው ጠያቂ ከሚያስረዱት ወገን ነው። ሁለተኛው እንዲያስረዱት የተጠራ ሰው ነው። ሦስተኛዋ እናት ናት። እኔ ብዙ ዓመት ራዲዮ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ጉዳዩ ውስጤ ይገባል። ለመጀመሪያው ረዘም አድርጌ መልሻለሁ፣ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ የምሠራው ለገሃር አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ ኮሙኒኬሽን ክፍል። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና፣ ስለ ፌስታል፣ ስለ ነዳጅ ድጎማ ለኅብረተሰቡ የሚነገረውን የምናዘጋጀው እኛ ነን። ባነር እናሠራለን። ብሮሸር እናሳትማለን። አዳራሽ እንከራያለን። ሰው ይመጣል፣ ሻይ ቡና ይላል፣ አበሉን ፈርሞ ይሄዳል። በሳምንቱ ያንኑ ፖሊሲ ታክሲ ውስጥ ሲያማው እሰማለሁ። አለቆቼ «የግንዛቤ ችግር ነው፣ ሌላ መድረክ አዘጋጁ» ይሉኛል። እውነት ችግሩ ግንዛቤ ነው? ስሜ አይጠቀስ።

መልስ፦ አይደለም፣ ወንድሜ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ከሥሩ እንጀምር።

የአዲስ አበባ ሰው ዝናቡ እንደተዛባ ለማወቅ ባነር አያስፈልገውም። ገጠር ያለ ወንድሙ በልጉ እንደቀረ በስልክ ነግሮታል። የጤፍ ዋጋ ነግሮታል። ቦረና ላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲቀር ከብቱ እንዴት እንዳለቀ በቴሌቪዥን አይቷል፤ አዋጥቶም ልኳል። ይህን ሰው አዳራሽ አስገብታችሁ «የአየር ንብረት ለውጥ ማለት» ብላችሁ ስትጀምሩ፣ የሚያውቀውን ነው የምትነግሩት። ሊሰማ የመጣው ሌላ ነው። ይሠራል ወይ? ሸክሙ የሚወድቀው ማን ላይ ነው? እኔ ቤትስ ምን ይደርሳል?

እነዚህን ጥያቄዎች ከራሴ አልፈጠርኳቸውም። ኦኢሲዲ የሚባለው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የተሳተፈበት አንድ ትልቅ ጥናት በ20 አገሮች 40,000 ያህል ሰዎችን ጠይቋል። ከአፍሪካ የተካተተችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ውጤቱን ግን ከሜክሲኮ አራት ኪሎ በታክሲ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሰው የሚደግፈው ፖሊሲው በእርግጥ ብክለት ይቀንሳል፣ ድሃውን አይጎዳም፣ የእኔንም ቤት አያናጋም ብሎ ሲያምን ነው። ተመራማሪዎቹ ለአንዳንዶቹ የአየር ንብረት ለውጥ የሚያመጣውን ጉዳት የሚያሳይ ቪዲዮ አሳዩ። ለሌሎቹ ፖሊሲዎቹ እንዴት እንደሚሠሩና ማን እንደሚጠቀም የሚያስረዳ ቪዲዮ አሳዩ። ድጋፉን ይበልጥ ከፍ ያደረገው ሁለተኛው ነው።

የእናንተን ብሮሸር አላየሁትም። የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ግን አይቻለሁ። ሽፋኑ ላይ የተሰነጠቀ መሬት አለ። ሁለተኛው ገጽ የዓለም ሙቀት ነው። ሦስተኛው የፓሪስ ስምምነት። «ለመሆኑ ስንት ብር ነው?» ለሚለው የሚመልስ አንድ መስመር እስከ መጨረሻው የለም። እኔ ብሆን እገለብጠዋለሁ። ዋጋው መጀመሪያ ይጻፍ፣ የተሰነጠቀው መሬት መጨረሻ ይምጣ።

ምሳሌ ልስጥህ። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ሲነገር ዓለም ተደነቀ። ከእኛ በፊት እንዲህ ያደረገ አገር አልነበረም። ልብ ብለህ ከሆነ ያኔ የተሰጠው ዋናው ምክንያት የምድር ሙቀት አልነበረም፤ የውጭ ምንዛሪ ነበር። ነዳጅ የምንገዛው በዶላር ነው። መብራቱ ግን ከወንዞቻችን ነው፤ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ኤሌክትሪካችን ከውሃ ይመነጫል። ማደያ ተሰልፎ ያደረ ሹፌር ይህን ለመረዳት ስብሰባ አያስፈልገውም። ምክንያቱ እውነት ነበር፣ ሰው ቤት የሚገባም ነበር። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው።

የሳሳው ሌላው ግማሽ ነው። መኪናው ውድ ነው። ቻርጅ ማድረጊያው ገና ጥቂት ነው። ባትሪው ሲደክም ምን ይደረጋል? ብዙ ሰው ይህን የሰማው ከጎረቤቱና ከቲክቶክ ነው። ችግሩን ከቲክቶክ የሰማ ሰው «ደብቀውን ነበር» ይላል። ከእናንተ ቢሰማው ኖሮ «እውነቱን ነገሩን» ይል ነበር። ችግሩ ያው አንድ ነው። እፎይታውንም ቢሆን በደንብ አልነገራችሁትም። እ.ኤ.አ. በ2022 ገንዘብ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ፣ ተገጣጥሞ የሚመጣው 15 በመቶ ጉምሩክ እንዲከፍል፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ የሚመጣው ደግሞ ምንም እንዳይከፍል ነበር የወሰነው። ይህን ቁጥር የትኛው ባነር ላይ አየኸው? «አረንጓዴ ነገን በጋራ እንገንባ» የሚለውን ግን በየአደባባዩ አንብበናል።

አሁን ወደ ካናዳ ልውሰድህ፤ ታሪኩ ለሙያህ ትልቅ ትምህርት ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2019 በነዳጅ ላይ የካርቦን ክፍያ ጣለች። ከሚሰበሰበው ገንዘብ አብዛኛውን ለቤተሰቦች ትመልስ ነበር። የፓርላማው የበጀት ቢሮ ሲያሰላው አብዛኛው ቤተሰብ በቀጥታ ከሚከፍለው የሚመለስለት ይበልጥ ነበር። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሰው ግን አልወደደውም። መጀመሪያ ላይ ተመላሹ የሚመጣው ከዓመታዊው የገቢ ግብር ሂሳብ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ባንክ ይገባ ጀመር፤ የባንክ መግለጫው ላይ የሚታየው ስም ግን ለብዙ ሰው ግልጽ አልነበረም። መንግሥት የተመላሹን ስም የቀየረው በ2024 ነው። ያን ጊዜ ረፍዶ ነበር። ሰው ዋጋውን ማደያ በሄደ ቁጥር ያየዋል፣ ተመላሹ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። ተቃዋሚው «ግብሩን አንሱት» የሚል አጭር መፈክር ነበረው። መንግሥት ስሌት ነበረው። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ተጠቃሚው የሚከፍለው ቀረ።

እኛ ጋ ምን አለ? በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የተጀመረውን የታለመ የነዳጅ ድጎማ አስታውስ። አጠቃላዩ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እንዲነሳ ሲወሰን፣ የሕዝብ ማመላለሻዎች በቴሌብር በኩል ድጎማ እንዲያገኙ ተደረገ። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። የቤት መኪና ያለውና በሃይገር የሚጋፋው እኩል መደጎም አልነበረባቸውም። ግን ድጎማው የሚያልፈው በሹፌሩ ስልክ ነው። ተሳፋሪዋ አታየውም። እሷ የምታየው ታሪፍ ሲጨምር ነው። ታክሲው በር ላይ «ይህ ጉዞ ያለ ድጎማ ይህን ያህል ነበር፣ አንቺ የምትከፍይው ይህን ያህል ነው» የሚል ወረቀት ቢለጠፍ ምን ነበረበት? ወረቀትና ሙጫ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ለአንድ አዳራሽ ስብሰባ በሚወጣው ብር የከተማውን ታክሲ ግማሹን ትለጥፉበታላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ሕዳሴ ግድቡን ደግሞ ተመልከት። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጣለ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 5,150 ሜጋዋት ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት የወር ደመወዙን ያዋጣ አለ፣ ቦንድ የገዛ አለ፣ በ8100 መልእክት የላከ አለ። የአየር ንብረት ፖሊሲ ነው ብሎ የገዛው ስንቱ ነው? ሰው ብሩ የት እንደገባ ያውቅ ነበር። የቦንድ ወረቀቱ እጁ ላይ ነበር። የግድቡን ፎቶ በየጊዜው እያየ ሲያድግ ተከታትሏል። ለእኔ ይህ የዘመናችን ትልቁ የኮሙኒኬሽን ትምህርት ነው። ለሌላውም ፖሊሲ እንዲህ የሚጨበጥ ነገር ፈልጉለት።

ሰው ያላየውን ነገር ሲፈራ ደግሞ አትከራከሩት፤ አስቀምሱት። ስቶክሆልም ወደ መሃል ከተማ የሚገባን መኪና ማስከፈል ስታስብ አብዛኛው ነዋሪ ተቃወመ። ከተማዋ ከጥር እስከ ሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. ለሙከራ ብቻ አስከፈለች። የመኪናው ቁጥር 20 በመቶ ገደማ ቀነሰ፣ መንገዱ ተነፈሰ። ሙከራው ቆመ። በመስከረም ነዋሪው ድምፅ ሰጠ፤ አብዛኛው ይቀጥል አለ። ያው ሕዝብ ነው። የጨመረው ነገር ቢኖር በዓይኑ ማየቱ ነው። እኛም የዚህን ዓይነት አይተናል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሁድ መንገድ ለመኪና ሲዘጋ፣ መስቀል አደባባይ ላይ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ፣ እናቶች ስኒከር አድርገው ሲሮጡ ያየ ሰው ስለ ንጹሕ አየር ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀም።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምርልህ፤ አለቆችህ ላይወዱት ይችላሉ። ያልተሳካውንም ንገሩ። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሲጀምር ሰው ለደስታ ብቻ እየተሳፈረ ይመላለስ ነበር። በኋላ ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ቆሙ። አሁን አዲስ ኤሌክትሪክ አውቶቡስ ስታስተዋውቁ የሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከሦስት ዓመት በኋላስ?» ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ልምድ ነው የወለደው። መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚጠግነው ከምረቃው ቀን ጀምሮ ንገሩት። ችግኝም እንደዚያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ መተከሉ ተነገረ። ስንቱ ጸደቀ የሚለውንም በዚያው ድምፅ፣ በዚያው መድረክ ብትነግሩ የሚቀጥለው ዓመት ቁጥር ይታመናል።

ተናጋሪውን በተመለከተ አጭር ነገር ነው ያለኝ። ባለሥልጣን መክፈቻ ንግግር አያድርግ። ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ የሚነዳ ሹፌር ይናገር፤ የሚያማርረውንም ጨምሮ። የዕድር ዳኛው ይናገሩ። አበሉንም ባታዘጋጁት ደስ ይለኛል። ያለ አበል የመጣው ሰው ጥቂት ቢሆንም የሚጠይቅ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ዕድሜዬ ከ50 አልፏል። ከፒያሳ ሜክሲኮ የምሠራባት አንዲት ሚኒባስ አለችኝ። በቅርቡ የታክሲ ባለንብረቶችን ሰብስበው ስለ ካርቦን ብዙ አወሩን። ዓለምን ያሞቁት ሌሎች ናቸው። እኔ ምን አጠፋሁ? ልጆቼን የማስተምረው በዚህች መኪና ነው። ብጠይቅ ደግሞ ለውጥ የማይወድ ተብዬ እንዳልታይ ሰጋሁ። ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ክልከላው ወደ አገር የሚገባውን መኪና እንጂ መንገድ ላይ ያለውን አይመለከትም። የእርስዎ ሚኒባስ ነገ ጠዋት አትቆምም። ይህን ስብሰባው ላይ በመጀመሪያው ደቂቃ ሊነግሩዎት ይገባ ነበር። ሰው በሆዱ ፍርሃት ይዞ የተቀመጠበት አዳራሽ ውስጥ ሌላው ንግግር ሁሉ ጆሮ አይገባም።

ምን አጠፋሁ ያሉት እውነት ነው። መላው አፍሪካ ለዓለም የሚለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ከ4 በመቶ በታች ነው፤ የእኛ ድርሻ ደግሞ የዚያ ቁራጭ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2021 ባቀረበችው ዕቅድ እስከ 2030 ልቀቷን፣ ምንም ባይደረግ ይደርስ ከነበረበት፣ በ68.8 በመቶ ለመቀነስ ቃል ገብታለች። ከ68.8ቱ በራሷ አቅም የምታደርገው 14ቱን ነው። የቀረው የውጭ ድጋፍ ሲገኝ የሚደረግ ነው። ይህን ማንም ባለሙያ ሊደብቅዎት አይገባም። የሌላውን ዕዳ ክፈሉ ተብለን አይደለም የምንለወጠው። ነዳጁ በዶላር ስለሚገዛ ነው። ወረፋው ቀንዎን ስለሚበላ ነው። ጭሱን ከማንም በላይ የሚተነፍሱት ደግሞ እርስዎና ረዳትዎ ስለሆናችሁ ነው። ስለ እርስዎ ጤና አንድም ሰው አለመናገሩ ያሳዝነኛል።

ስለ መጠየቁ አይስጉ። የሚጠይቅ ሰው ለመግባት ያሰበ ሰው ነው። ብቻዎን ግን አይጠይቁ፤ በማኅበራችሁ በኩል ይሁን፣ በጽሑፍም ይሁን። አሮጌው መኪና ለአዲሱ መነሻ ገንዘብ ሆኖ ይታሰባል ወይ? ብድሩ ከየትኛው ባንክ ነው፣ ወለዱስ ስንት ነው፣ መያዣው መኪናው ራሱ ይሆናል ወይስ ቤት ይጠይቃሉ? ቻርጅ ማድረጊያው ተራችሁ አጠገብ ይሆናል ወይስ ከተማ ዳር? ቻርጅ ሲያደርጉ የሚጠፋው የሥራ ሰዓት ታሪፉ ላይ ታስቧል? መብራት በሚጠፋ ቀንስ? ለባትሪው ዋስትና የሚሰጠው ማን ነው፣ አስመጪው ቢዘጋ ማን ይረከበዋል? የታለመው ድጎማ ከቀረ ስንት ወር ቀድሞ ይነገረናል? መልሱን ከነቀኑ ይቀበሉ። «እየተሠራበት ነው» ቢሏችሁ «መቼ እንመለስ?» በሏቸው።

ደግሞ ጊዜው ለመጠየቅ የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ2027 ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ እዚሁ አዲስ አበባ ይካሄዳል። እንግዶቹ የእናንተን ታክሲ ያያሉ። ስለ ፍትሐዊ ሽግግር ብዙ ይወራል። የሚኒባስ ባለንብረት ያልተጠየቀበት ሽግግር ፍትሐዊ ሊባል አይችልም፤ ይህን እኔም በዚህ ዓምድ እደጋግመዋለሁ።

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። የ15 ዓመት ልጄ የትምህርት ቤቷ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባል ናት። ጎረቤቶቻችንን ስለ ፌስታልና ስለ ከሰል ልትመክር ሞክራ «ይቺ ልጅ ደግሞ ልታስተምረን ነው?» ተብላ አልቅሳ መጣች። ተይው ልበላት?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! እንዳትያት። ልጅሽ ልክ ናት፤ መንገዱን ብቻ ትቀይር።

ይህን ንገሪያት። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት በ125 አገሮች 130,000 ያህል ሰዎችን ጠይቋል። መንግሥታቸው ለአየር ንብረት የበለጠ እንዲሠራ የፈለጉት 89 በመቶ ናቸው። 69 በመቶው ከወር ገቢያቸው አንድ በመቶ ለመስጠት ፈቃደኛ ነን አሉ። የሚገርመው፣ በየአገሩ ሰዎች ስለ ሌላው ሲጠየቁ የገመቱት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። እኔ አስባለሁ፣ ሌላው ግን ግድ የለውም ይላሉ። ልጅሽ ደረጃው ላይ ያገኘቻቸው ጎረቤቶችም እርስ በርስ እንዲሁ ሳይተማሙ አይቀሩም። ስለዚህ መምከሯን ትታ ትጠይቃቸው። «እትዬ፣ ፌስታል ሲከለከል ምኑ ነው የሚያስቸግርዎት?» ትበላቸው። አንዷ ሥጋ በምን ልያዝ ትላለች፣ ሌላዋ ቆሻሻ በምን ልጣል ትላለች። ያ መልስ ነው ሥራዋ። ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ከመከራከር መላ መፈለግ ይሻላል። ክረምት ላይ ቱቦውን የሚደፍነውና ግቢውን ውሃ የሚሞላው ምን እንደሆነ ደግሞ ጎረቤቶቿ ከእሷ በላይ ያውቃሉ።

የከሰሉን ነገር ከቡናው ጋር አታገናኘው። የቡና ከሰል ላይ የመጣ ልጅ ማንም አይሰማውም። በር ተዘግቶ ቤት ለማሞቅ የሚነደው ላይ ታተኩር። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው በተኛበት ይገድላል። ይህን ለመናገር የ15 ዓመት ልጅ መሆን አያሳፍርም። አንቺም አብረሻት ሂጂ፤ ከእናቷ ጋር የመጣች ልጅ አትገፋም።

የፌስታሉን ደግሞ ከምድር ቤት ባለሱቁ ትጀምር። ሁለት ሦስት ዘንቢል ሱቁ በር ላይ ይሰቀል፣ የረሳ ሰው ወስዶ በማግስቱ ይመልስ። መጀመሪያ ለዳቦ ብቻ ይሁን። ዘንቢሉን የሚገዛ ብር ከየት ይምጣ ካላችሁ፣ የዕድሩን ሰብሳቢ ጠይቁ።